76 ገጽ ሙገሳ፣ ስንቱን ልመን?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት መምህርት ነኝ። ሰሞኑን አጎቴ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ሰጠኝ። ስሙ እየገነነ ስለመጣ አንድ ወጣት ፖለቲከኛ ነው፣ 76 ገጽ። ማታ ጀምሬ ሌሊቱን ጨረስኩት። እናቱ ጠላ እየሸጡ እንዴት እንዳስተማሩት የሚተርከው ቦታ ላይ አለቀስኩ። ወንድሜ ግን ሁለት ገጽ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የካድሬ ወሬ፣ ሙሉ ውሸት» ብሎ ወረወረው። ተጣላን። አሁን ደግሞ የንባብ ክበባችን ቅዳሜ በመጽሐፉ ላይ ውይይት አለው፣ አቅራቢዋ አንቺ ነሽ ተብያለሁ። ማናችን ነን ትክክል? እውነቱን ከውሸቱ እንዴት ልለየው? ሦስተኛውን ምዕራፍ ኮፒ አድርጌ ለተማሪዎቼ ብሰጥስ?»

ምላሽ፦

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። የወንድምሽ ይብሳል፤ አንቺ ቢያንስ አንብበሻል።

«ሙሉ ውሸት» የሚለውን አስቀድመን እንጣለው። የኔ እንጀራ አርትዖት ነው። ታሪክ ተምሬ የሰው ጽሑፍ ሳቃና ነው የኖርኩት፣ እንዲህ ያሉ የሙገሳ መጻሕፍትም በእጄ አልፈዋል። ዓይን ያወጣ ውሸት ያጋጠመኝ ከስንት አንዴ ነው። ምን ሲል ይዋሻል? ሰውየው በሕይወት አለ። የሰፈሩ ሰው አለ። አብሮት የተማረ አለ። እናቱ ጠላ ሳይሸጡ «ጠላ ሸጠው አሳደጉት» ተብሎ ቢጻፍ መጀመሪያ የሚስቀው ጎረቤት ነው፣ ሳቁም ከመጽሐፉ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ የጠላው ነገር እውነት ሳይሆን አይቀርም። ማልቀስሽም አያሳፍርም። ጠላ ሸጦ ልጅ ማስተማር ያስለቅሳል።

ይህ ዓይነት መጽሐፍ ሰው የሚያሳስተው በዘለለው ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ በቆመበት ቦታ። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይጠረጥራል። ሁለተኛውን ግን ልብ የሚለው የለም፣ ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፣ ፒያሳ ሐውልቱ ቆሟል። ቴዎድሮስን ውሰጂ። የቋራው ካሳ እንዴት እንደገነነና እንደነገሠ በራሱ ዘመን የጻፈ አለቃ ዘነብ የሚባል ሰው ነበር። ከዚያ በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል በግዕዝ ነበር የሚጻፈው፤ ዘነብ ግን በአማርኛ ጻፈው። ዘነብ ንጉሡን ይወዳል፣ መውደዱንም አይደብቅም። የሚነግርሽ ስለ አንድ ጀግና ነው፣ እግዜርም ከጀግናው ጋር ነው። እና ውሸታም ነው ልትዪ አትችዪም፣ ዋና ዋናው ነገር ከሌሎች ምንጮች ጋር ይገጥማል። ትረካው ግን 1852 ዓ.ም. ገደማ ላይ ያበቃል። የካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫነው ሰው ያን ጊዜ ገና ተስፋ የሚጣልበት ነው። በ1859 ጎንደርን ራሷን መዝረፉና ማቃጠሉ፣ የአብያተ ክርስቲያናቷን ንብረት ማጋዙ፣ ሚያዝያ 1860 መቅደላ አምባ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ይዞ መቅረቱ፣ ይሄ ሁሉ እዚያ ውስጥ የለም። ከየት ይመጣል? ገና አልሆነማ።

ከዚያ አለቃ ወልደ ማርያም የጻፈውን ዜና መዋዕል ክፈቺ። ያው ንጉሥ ነው። ወልደ ማርያም የጻፈው መጨረሻውን ካወቀ በኋላ ነው፣ በሱ ብዕር ንጉሡ ጨካኝ ነው፣ ቁጣውም አገር ያነዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ ሁሌ «እና የትኛው ነው እውነተኛው ቴዎድሮስ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ሁለቱም ናቸው። አንዱ ጸሐፊ ቀድሞ ብዕሩን አስቀመጠ፣ ሌላው ቆይቶ አነሳ።

የፋሲልን ግቢ ስትጎበኚ ደግሞ የአድያም ሰገድ ኢያሱን ልጅ ተክለ ሃይማኖትን አስቢው። አባቱ የተገደሉት እሱ ዙፋን ላይ ባለበት ነው፣ እኛም ዛሬ «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ነው የምንለው። ሲነግሥ ግን ማን ደፍሮ ርጉም አለው? ለነገሥታቱ ታሪክ ይጽፍ የነበረው ጸሐፌ ትእዛዝ የቤተ መንግሥት ሹም ነበር፣ እንጀራውም ከዚያው ቤት ነው።

እጅሽ ላይ ያለው መጽሐፍ እንግዲህ ቢበዛ የዘነብ ዓይነት ነው፣ ያውም ከተሳካለት። ባለታሪኩ ወጣት ነው ብለሽኛል። ሥልጣን ገና አልፈተነውም። ሰው ሲገፋ፣ ሲሸነፍ፣ ገንዘብ ሲያዝ፣ «አይሆንም» ሲባል ምን እንደሚያደርግ ማንም አላየም። ጸሐፊውም አላየም። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ «ነገ አገሪቱን ወደ ከፍታ የሚወስድ» ምናምን የሚል ነገር ካለ (አለ፣ አልጠራጠርም) እሱ ታሪክ አይደለም፣ ምኞት ነው። እርሳስሽን አንሺና ጎኑ ላይ «ምኞት» ብለሽ ጻፊ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፣ እንዴት እንደሚሠራ ካላወቅሽ እንዴት እንደሚነበብ አታውቂም።

ሰው ገና እየወጣ ሳለ ታሪኩ ለምን ይጻፋል? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፣ ስሙ እንዲታወቅ። ሌላው ይበልጥ ይጠቅምሻል። የሙገሳ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሐሜት መልስ ነው። ሐሜቱን አይጠራውም፣ መልሱን ብቻ ያስቀምጣል። ካሳን ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ከነገሠ በኋላ ደግሞ ዘሩ ከሰሎሞናውያን ነገሥታት ሲቆጠር እናያለን። ያንን የዘር ቆጠራ ለብቻው ብታነቢው ደረቅ የስም ዝርዝር ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል። ስድቡን ካወቅሽ በኋላ ግን እያንዳንዱ ስም ለማን እንደተጻፈ ይገባሻል። የንግሥ ስሙም እንዲሁ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል የሚል ትንቢት ነበር፣ ካሳም በዚያ ስም ነገሠ። የዛሬ ፖለቲከኛ ትንቢት አይጠቅስም። «ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ይሄ ልጅ ትልቅ ሰው ይሆናል ብለው ነበር» ያስብላል። ያው በገሌ ነው።

ስለዚህ እስቲ ቁጠሪ። የእናቱ ጠላ ስንት ቦታ ተነሳ? አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከሆነ የሕይወቱ ታሪክ ነው፣ በቃ። ስምንት ጊዜ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ «ይሄ ልጅ ሀብቱን ከየት አመጣው?» የሚል ወሬ ይኖር ይሆናል። ስለ ትምህርቱ ሦስት ገጽ ሙሉ የምስክር ወረቀት ከተደረደረ ትምህርቱ ተጠይቆ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩሽ። ሐሜት ነበረ ማለት ሐሜቱ እውነት ነበር ማለት አይደለም፣ ካሳም በኮሶ አልተዋረደም።

ቀጥሎ ጸሐፊውን ተመልከቺ። አሜሪካኖች በዚህ ሥራ የቆዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1852 ፍራንክሊን ፒርስ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የሕይወት ታሪኩን የጻፈለት ናትናኤል ሆቶርን ነበር፣ በዚያን ጊዜ ስመ ጥር የሆነ ደራሲ፣ ያውም የኮሌጅ ጓደኛው። ፒርስ አሸነፈ፣ ሆቶርንም በዓመቱ ሊቨርፑል ላይ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። በ1860 ደግሞ ዊልያም ዲን ሃውልስ የሚባል ገና ስም ያልነበረው ወጣት የአብርሃም ሊንከንን ታሪክ ጻፈ። ሊንከን ወደሚኖርበት ስፕሪንግፊልድ እንኳን አልሄደም፣ መረጃውን ሌላ ሰው ሄዶ ነው የሰበሰበለት። ሊንከን በኋላ አንድ ቅጂ እጁ ገብቶ ስህተቶቹን በእርሳስ አርሟል። ሃውልስስ? ቬኒስ ላይ ቆንስል ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዢልኝ። አንደኛ፣ ጸሐፊው ጥቅም ጠበቀ ማለት ፍቅሩ የውሸት ነው ማለት አይደለም። ሆቶርን ጓደኛውን ከልቡ ይወድ ነበር፣ በ1864 ሲሞትም በጉዞ ላይ አብሮት የነበረው ያው ፒርስ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል። ፒርስን ዛሬ የታሪክ ሰዎች ከደካሞቹ ፕሬዚዳንቶች ተርታ ነው የሚያስቀምጡት፣ ሊንከንን ከታላላቆቹ። ሁለቱም ግን በምርጫ ዘመቻ መጽሐፋቸው ውስጥ ቅን፣ አስተዋይ፣ አገር ወዳድ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሁለቱን መጽሐፎች ገዝተሽ ብታነቢ የትኛው ምን እንደሚሆን ከገጾቹ ልታውቂ አትችዪም ነበር። ያውም የፒርስን የጻፈው የተሻለው ደራሲ ነው! ጥሩ ጽሑፍ ስላስለቀሰሽ ጥሩ መሪ አገኘሁ ማለት የማትችዪው ለዚህ ነው።

እኛ እንኳን ይሄንን ከአዝማሪ ቤት እናውቀዋለን። ግንባሩ ላይ መቶ ብር ስትለጥፊለት አንቺን የፋሲል ልጅ ያደርግሻል። አትቆጪውም፣ ውሸታም ነው ብለሽ ለፖሊስ አትከሽውም፣ ደግሞ ማግስቱን «እኔ የፋሲል ልጅ ነኝ» ብለሽ አትወጪም። መጽሐፍ ሲሆን ግን ይሄ ብልሃት ይጠፋብናል፣ ታትሞ ስላየነው።

ቃላቱን ልንገርሽ ደግሞ፣ እዚህ ላይ ኃጢአቴም አለበት። ከዓመታት በፊት የአንድ ሹም (ስሙ ይቅር) ታሪክ ሳርም መሀል ላይ አራት ዓመት ጠፋብኝ። አንድ ምዕራፍ ላይ የሆነ መሥሪያ ቤት ምክትል ነው፣ ቀጣዩን ስገልጥ አራት ዓመት ቆይቶ ሌላ ከተማ ነው። ደውዬ ጠየቅሁ። «እሱን ‹በተለያዩ የኃላፊነት ቦታዎች አገልግለዋል› በለው» ተባልኩ። አልኩት። በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ዓመት ቀበርኩ፣ ክፍያዬንም ተቀበልኩ። ያ ሐረግ ካንቺ መጽሐፍ ውስጥ ካለ አስምሪበት። «የበኩሉን አስተዋጽኦ አበርክቷል»፣ «ግንባር ቀደም ሚና ተጫውቷል»፣ «በርካታ ፈተናዎችን በጽናት አልፏል» የሚሉትም ያው ናቸው። ምን ሠራ? መቼ? ማን አዘዘው? ማን ተቃወመው? እነዚህን አራቱን የማይመልስ ዓረፍተ ነገር ባዶ ነው፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

አሁኑኑ አንድ ወረቀት አውጪና ዓመቱን ወደ ታች ደርድሪ። ከጎኑ የት እንደነበረ፣ ምን እንደሠራ፣ አለቃው ማን እንደነበር ጻፊ። መጽሐፉ የማይነግርሽን ባዶ ተዪው። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ስትጨርሺ 76 ገጹ በግማሽ ወረቀት ላይ ይተኛል፣ ባዶዎቹ ቦታዎችም ራሳቸው ይጠሩሻል።

ግን ተጠንቀቂ። ባዶ ቦታ ሁሉ ወንጀል አይደለም። ሰው ይታመማል፣ ሥራ ይፈታል፣ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ይሄን ደግሞ አደባባይ ማውጣት ግዴታ የለበትም። የማይገጥም ዓመት ሁሉም ውሸት አይደለም። አንድ ጊዜ ባለታሪኩ ከመመረቁ በፊት መምሪያ ኃላፊ ሆኖ አገኘሁትና ያዝኩህ ብዬ ፈነጠዝኩ። የምርቃቱ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሹመቱ በኛ ተጽፎ ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት እዚህ አገር እንዲሁ ይጠፋል። ስለዚህ ከመጮህሽ በፊት ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጪ።

«አስገነባ»፣ «አስጀመረ»፣ «አመጣ» የሚሉት ግሶች ላይም ቁሚ። ጎንደር ላይ ተቀምጦ ይሄን አለማወቅ አይቻልም። የመገጭን ግድብ አስቢው። እንዲህ ያለ ሥራ የፌዴራል በጀት አለው፣ ተቋራጭ አለው፣ አማካሪ አለው፣ ስንት ዓመት የፈጀ ጣጣ አለው። አንድ ሰው ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ» ሊለው አይችልም። መጽሐፉ መንገድ ወይም ውሃ ለባለታሪኩ ከሰጠ፣ ያን ጊዜ የያዘው ወንበር በጀት የማጽደቅ ሥልጣን ነበረው ወይ ብለሽ ጠይቂ። የምክር ቤት አባል ድምፅ ይሰጣል፣ አስፋልት አያነጥፍም። ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ በኛ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንድ ሰው ላይ ያተኮረ መጽሐፍ ፓርቲውን ይደብቅብሻል። ባለታሪክሽ ከፓርቲው ውሳኔ የተለየበት አንድ ቦታ ካለ እሱን ፈልጊ፣ ከጠላው የበለጠ ይናገራል። ከሌለም አለመኖሩን መዝግቢ።

ስለ ምስክሮቹ አጭር ነገር ልበል። የተጠየቁት እነማን ናቸው? የልጅነት ጓደኛ፣ መምህር፣ የንስሐ አባት፣ የበታች ሠራተኛ ከሆኑ ሁሉም ወይ ይወዱታል ወይ ያስፈልጋቸዋል። በምርጫ ያሸነፈው ሰው ተጠይቋል? ከሥራ ያሰናበተው? አብሮት ጀምሮ የተለየው? አንድም ከሌለ ምስክርነቱ የአንድ ወገን ነው፣ እንደ ሠርግ ቤት ንግግር። ፎቶዎቹን ደግሞ እርሻቸው። ጥምቀት ላይ ነጭ ለብሶ ጃንሜዳም ይሁን የፋሲል መዋኛ የማይነሳ ፖለቲከኛ አይቼ አላውቅም።

ማጣራት ትችያለሽ? በከፊል። የሁለተኛ ዲግሪ አለው ከተባለ የመመረቂያ ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም በኢንተርኔት ክምችቱ ሊገኝ ይችላል፣ ርዕሱንና ዓመቱን ፈልጊ። የሹመት ዜና ከሆነ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ጀምሮ አለ፣ የቆዩ እትሞቹን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጠይቂ፤ አንዲት አጭር ዜና በመጽሐፉ የተዘለለውን ወር ልትነግርሽ ትችላለች። ሀብቱን በተመለከተ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 አለ፣ ተሿሚና ተመራጭ ሀብቱን እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መብትሽ ነው፣ ቢከለክሉሽ እንባ ጠባቂ አለ። ይሄን ሁሉ ያልኩሽ መንገዱ መኖሩን እንድታውቂ ነው። እስከ ቅዳሜ አይደርስልሽም። መብቱ ወረቀት ላይ ፈጣን ነው፣ ቢሮው ግን ደብዳቤሽን ተቀብሎ «ነገ ነይ» ይላል። ስለዚህ ለቅዳሜ በእጅሽ ካለው መጽሐፍ ብቻ ተነሺ።

መጽሐፉ ምንም አይረባም እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ይረባል። ስለ ሰውየው ልጅነት ከሽማግሌዎች አፍ የተለቀመ ነገር ካለበት ያ ወርቅ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ሌላ ቦታ አታገኚውም። ከዚያ በላይ ደግሞ ባለታሪኩ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ይነግርሻል፣ ይሄም ትልቅ መረጃ ነው። ራሱን የድሃ ልጅ አድርጎ ያቀረበ ሰው ነገ ለድሃ ምን እንዳደረገ ሲጠየቅ ማምለጫ የለውም፣ የራሱ መጽሐፍ ይመሰክርበታል። እኔ ብሆን አልጥለውም። የታተመበትን ዓመት፣ የማተሚያ ቤቱን ስም፣ ማን መቅድም እንደጻፈለት፣ ዋጋ ተጽፎበት እንደሆነ ወይም በነጻ የታደለ እንደሆነ ሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ ጽፌ መደርደሪያ ላይ አቆመዋለሁ። አጎትሽንም ከየት እንዳገኘው ጠይቂው፣ በትሕትና። ገዝቶት ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ስብሰባ ላይ ታድሎ ከሆነ ሌላ።

ወደ ውሳኔው። ለተማሪዎችሽ ኮፒ አድርገሽ አትስጪ። እዚህ ላይ አልደራደርም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል፣ አንቺ ደግሞ የዜግነት ትምህርት መምህርት ነሽ፣ ይሄን አንቀጽ ራስሽ ታስተምሪዋለሽ። በሕይወት ያለ፣ ነገ ድምፅ የሚለምን ሰው ሙገሳ ከመምህር እጅ ሲመጣ ለልጅ ሙገሳ አይደለም፣ ትምህርት ነው። ልጆቹን ማስተማር ከፈለግሽ ዘነብንና ወልደ ማርያምን አንድ አንድ ገጽ ስጫቸውና ያፋጩ። ቴዎድሮስ ዛሬ አይወዳደርም።

ቅዳሜ ግን ሂጂ። አስመራቂ ሆነሽ አይደለም፣ አንባቢ ሆነሽ። ክበቡን የሚመራውን ሰው ዛሬውኑ ደውለሽ «እኔ የማቀርበው ጥያቄ ነው፣ ሙገሳ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ» በይው። ከተስማማ ሃያ ደቂቃ ይበቃሻል። የዓመት ዝርዝርሽን አንብቢ። ሦስት ባዶ ቦታ አሳዪ፣ ሦስት ብቻ። የጠላውን ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢና እንዳለቀስሽ ተናገሪ፣ አትደብቂው፣ ጸሐፊው እንዴት እንዳስለቀሰሽ ማየት የውይይቱ ግማሽ ነው። ስለ ሰውየው «ሌባ ነው» ወይም «ነቢይ ነው» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ፤ ለሁለቱም በእጅሽ ማስረጃ የለም። የሰው ስም ማጥፋት ደግሞ በኛ አገር ፍርድ ቤት ያቆማል። አዳራሹ ውስጥ ስልክ የሚቀርጽ ሰው መኖሩንም አትርሺ፣ የተቆረጠ ሠላሳ ሰከንድ ከሃያ ደቂቃው ቀድሞ ነው አገር የሚያዳርሰው። ስለዚህ የሚነበበውን ጽፈሽ ያዢ፣ በቃልሽ አትናገሪ።

ካልተስማማና «አይ፣ አድናቆት ብቻ ነው የምንፈልገው» ካለሽ ይቅርብሽ። ታመምኩ አትበይው፣ ምክንያቱን ንገሪው።

ወንድምሽን ደግሞ ይዘሽው ሂጂ። መጽሐፉን ግን ከዓርብ በፊት ይጨርስ፣ ያላነበበ አይናገርም በይው። ስታቀርቢ ከምታነሺው ነገር ሁሉ ጎን የገጹን ቁጥር ጻፊ። መጀመሪያ የሚቃወምሽ ሰው «የት ላይ ነው ያልሽው?» ብሎ ነው የሚነሳው።